ስድስት መቶ ያልነበረው ስድስት መቶ

ኦክላንድ ውስጥ ፅጌረዳን በስሟ የሚጠሯት የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና አከራይዋ ጋሽ ጥሩነህ ብቻ ነበሩ። ሥራ ቦታ ሮዝ ናት። የተቀጠረች ዕለት አለቃዋ ግሌን ስሟን ሦስት ጊዜ ሞከረው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያስነጠሰው መሰለ። አሳዘናትና ትርጉሙን ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ኢሜይሏም፣ የበር ካርዷም፣ ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጠው የምሳ ዕቃዋም «ሮዝ» ይላል።

ሥራዋ ዱቄት ማብሰል ነው። እናቷ ከደሴ ደውለው «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ሲሏት የመለሰችላቸው ይህንኑ ነበር፤ እሳቸውም ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ አሜሪካ ዳቦ ቤት ገባች» ብለው አወሩ። አላረመቻቸውም። ከዳቦ ቤት ብዙም አይርቅማ! የብረትና የማግኒዚየም ጨው ከሎሚ አሲድ ጋር በውሃ ትበጠብጣለች፤ እሳት ላይ እያማሰለች እንደ ማር ሲወፍር ታደርቀዋለች፤ የደረቀውን ፈጭታ በነጭ የሸክላ ስኒ እቶን ውስጥ ትከተዋለች። የሚወጣው መልኩ በርበሬ የመሰለ ዱቄት ነው፤ ማግኒዚየም ፌራይት ይባላል። ቅንጣቱ ከማነሱ የተነሳ በአንድ የጠጉር ዘለላ ውፍረት ላይ ሦስት ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ይሰለፋል።

ኦክላንድ ወደቡ አጠገብ በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ሰው ኩባንያቸው ይህን ዱቄት የሚፈልገው ለውሃ ነው። በአሮጌ ቧንቧ የሚመጣ ውሃ ውስጥ እርሳስ አለ፤ የሚጻፍበት እርሳስ ሳይሆን የልጆችን አእምሮ የሚጎዳው መርዛም ብረት። ዱቄቱን ውሃው ውስጥ ሲበትኑት እርሳሱ ይጣበቅበታል። ከዚያ ማግኔት ማስጠጋት ነው፤ ዱቄቱ እርሳሱን እንደታቀፈ ወደ ማግኔቱ ይሄዳል፣ ውሃው ንጹሕ ይቀራል።

ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ፈተናው ሙቀቱ ላይ ነው። ሙቀት ሲያንሰው ቅንጣቱ ጥሬ ይሆናል፤ እርሳሱን በደንብ ይይዛል፣ ማግኔት ሲጠራው ግን አቤት አይልም፤ ውሃውን እንዳደፈረሰ ይቀራል። ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ ቅንጣቶቹ እየተጣበቁ ይወፍራሉ፤ ማግኔት ገና ከሩቅ ሲያዩ ይሮጣሉ፣ እርሳስ የሚይዙበት ገላ ግን አይተርፋቸውም። ፅጌረዳ ከአራት መቶ ዲግሪ ጀምራ እስከ ዘጠኝ መቶ ድረስ በየሃምሳው ስትሞክር መንፈቅ ከረመች። ጥር ላይ ቁጥር አሥራ ሰባት የተባለው ናሙና ወጣ። ማግኔቱ ይስበዋል፣ እርሳሱንም ይይዛል። የተበሰለው በስድስት መቶ ዲግሪ ነበር። ግሌን ደስ ብሎት ወንበር ላይ ወጥቶ ተናገረ። ሪፖርት ተጻፈ፤ ከኦክላንድ በስተምሥራቅ ባለው የእርሻ ሸለቆ ውስጥ ላለች አንዲት ትንሽ ከተማ የውሃ ማኅበር ተላከ፤ ሰዎቹም በዓይናቸው ለማየት መጋቢት አጋማሽ ላይ ሐሙስ ቀን ቀጠሩ።

ከዚያ ነገር ተበላሸ። አንድ ስኒ ይበስልበት የነበረው እቶን ውስጥ ስምንት ስኒ ስትከት፣ ከሳን ሆዜ የሚመጣው ውጤት እንደ እብድ ንግግር መያዣ መጨበጫ አጣ። ዱቄቱ ምን ያህል በማግኔት እንደሚሳብ የሚለካላቸው እዚያ ያለ ላቦራቶሪ ነው፤ ኢሜይሉ ሥር የሚፈርመው «ኤች ጀማል» የሚባል ሰው ነው።

«ናሙና ሃያ ሁለት ደካማ። ናሙና ሃያ ሦስት ጠንካራ። ናሙና ሃያ አራት ደካማ። ሦስቱም ስድስት መቶ ተብለው ነው የመጡት። ጠርሙሶቹ ላይ የሚጻፈውን እንድታጣሩ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ፅጌረዳም በትሕትና መለሰች፦ «ጠርሙሶቹ ላይ የተጻፈው ትክክል ነው። መሣሪያችሁ በመጨረሻ የተስተካከለው መቼ እንደሆነ ብታሳውቁኝ ደስ ይለኛል።»

እንግሊዝኛ የትሕትና ልብስ ለብሶ መሳደብ እንደሚችል የተማረችው ያን ሰሞን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ከከበረ ሠላምታ ጋር» እየተባባሉ ተወጋጉ። በሐሳቧ ኤች ጀማልን ራሰ በራ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ሰው ሲሳሳት ደስ የሚለው ሰውዬ አድርጋ ሥላው ነበር።

ዴሞው፣ ማለትም የሐሙሱ ማሳያ፣ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ግሌን ሁለቱንም ኮል ላይ አገናኛቸው። ካሜራ የከፈተ የለም። ኤች ጀማል አፉን ሲከፍት ግን ሰውዬው ሴትዮ ሆኖ ተገኘ፤ የረጋ፣ የማይቸኩል ድምፅ።

«ያለፉት ስድስት ናሙናዎች አንዱ ከሌላው አይገናኝም» አለች ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ። «እኔ ጋ ችግር የለም። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው።»

ፅጌረዳ ማይኩን ዘግታለች፤ ቢያንስ የዘጋች መስሏታል።

«ኤዲያ! የራሷ ማሽን አብዶ እኔን ልታሳብደኝ ነው እንዴ ይቺ ሴትዮ!» አለች በአማርኛ፣ ከልቧ።

ከዚያ ያው የረጋ ድምፅ፣ ግን በአማርኛ፣ ያውም በጠራ የኮልፌ አማርኛ እንዲህ አለ፦

«እህቴ፣ ሚዩት አላደረግሽም።»

ፅጌረዳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ይቅርታ፣ ምን ተባለ?» አለ ግሌን።

«ሮዝ መሣሪያው አንዴ ይፈተሽ እያለች ነው» አለች ሴትዮዋ ወደ እንግሊዝኛዋ ተመልሳ። «ጥሩ ሐሳብ ነው። ቅዳሜ ራሷ ብትመጣ አብረን እንፈትሸዋለን።»

ኮሉ እንዳለቀ የፅጌረዳ ስልክ ጮኸ።

«ሮዝ ማለት ማን ማለት ነው?»

«ፅጌረዳ። ኤችስ?»

«ሂክማ።»

«ሂክማዬ፣ በጣም ይቅርታ፣ እኔ እኮ…»

«ተይ ባክሽ። እኔ ደግሞ ኢሜይልሽን ሳነብ ውሻዋን ጃኬት የምታለብስ ፈረንጅ ትመስይኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሰው ቋንቋ ስንናከስ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ከኢሜይሏ ጋር በፍጹም የማይተዋወቅ ሳቅ ነበር። «ቅዳሜ ነይ። ማሽኔን የሰደብሽውን ግን አልረሳም።»

ቅዳሜ ፅጌረዳ ባርት በሚባለው የከተማ ባቡር ሄደች። ፍሪሞንትን አልፋ ሳን ሆዜ ቤሪዬሳ ጣቢያ ስትወርድ ሂክማ መኪናዋን ተደግፋ ትጠብቃት ነበር፤ አጭር፣ ሠላሳ ያልደፈነች፣ ሻርፗ ከስፖርት ጫማዋ ጋር በቀለም የሚገጥም ልጅ።

«ምሳ ልጋብዝሽ ብዬ ነበር» አለች መኪናውን እያስነሳች፣ «ግን ሮመዳን ነው፤ አንቺ ብቻሽን ስትበይ እያየሁ እቀመጣለሁ።»

«እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ። ቅዳሜም ቢሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም።»

«ግልግል! በቀጥታ ወደ ሥራ።»

ፅጌረዳ አታልላ ነበር የመጣችው። ከያዘቻቸው ስድስት ጠርሙሶች ሦስቱ አንድ ዓይነት ዱቄት ናቸው፤ ጠርሙሶቹ ላይ ግን የጻፈችው ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለች ብቻ ነው። ማሽኑ ያበደ ከሆነ ለአንዱ ዱቄት ሦስት የተለያየ ቁጥር ሲሰጥ እጅ ከፍንጅ ይያዛል። ሂክማ ሁሉን ሰማች፣ አልተቀየመችም። ከየጠርሙሱ ቆንጠር ቆንጠር እያደረገች፣ እየመዘነች፣ በሁለት ትልልቅ ማግኔቶች መካከል ታንጠለጥለዋለች። ማሽኑ ዱቄቱን ያንዘረዝረውና ስክሪኑ ላይ እባብ የመሰለ መስመር ይስላል።

ለ፣ ሠ እና ረ የሚባሉት ጠርሙሶች አንድ መስመር ላይ ተኙ። ሦስት መስመር ይሁን አንድ መለየት እስኪያቅት ድረስ።

«እነዚህ ሦስቱ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው» አለች ሂክማ። «ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ» አለች ፅጌረዳ።

«እንግዲያው ማሽኔ ነጻ ወጥቷል። ይቅርታውን እሱን ጠይቂው።»

ፅጌረዳ ማሽኑን በእጇ መታ መታ አድርጋ «ይቅርታ» አለችው። ማሽኑ ካላበደ ግን ያበደችው እሷ ናት ማለት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ደሴ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች፤ እዚህ አራት ዓመት አረጋውያን ስትንከባከብ ቆይታ ነው ወደ ሙያዋ የተመለሰችው። እጇን ማመን ካቃታት ምን ቀራት?

ሂክማ ፊቷን አየችውና ቀልዱን ተወች። «ነይ፣ ሌላ ነገር ላሳይሽ» ብላ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ከፈተች። ዱቄቱን በኤክስሬይ ስታየው የወጡ ናቸው፤ እንደ ተራራ ሰንሰለት ጫፍ ጫፍ ያላቸው። የአንዱ ተራሮች ወፍራምና ዱልዱም፣ የሌላው ቀጭንና ሹል።

«ተራራው ሲሾል ቅንጣቱ አድጓል ማለት ነው። ይቺ አሥራ አራት ናኖሜትር ናት፣ ያቺ ሃያ ስድስት። ሁለቱም በአንድ ቀን ስድስት መቶ ዲግሪ የበሰሉ ናቸው ብለሽ ነው የላክሽልኝ። ቅንጣትን የሚያሳድገው ሙቀት ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም። ፅጌ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ እሳት አልሞቁም።»

«አንድ ቀን፣ አንድ እቶን፣ አንድ ላይ ገብተው አንድ ላይ ነው የወጡት!»

«አጠገብ ላጠገብ?»

ፅጌረዳ ቦርሳዋን ትፈትሽ ጀመር። ሂክማ ዙህር ልትሰግድ ወደ ጓዳው ገባች፤ ፅጌረዳ ብቻዋን ሥዕሎቹ ፊት ቀረች። ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። ደካማዋ ከሁለተኛው ስኒ ናት። ጠንካራዋ ከሰባተኛው። ሁለተኛው ስኒ በሩ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ሰባተኛው ከኋላ ጥግ። አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ ነገር ግን አጠገብ ላጠገብ አይደሉም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የጋሽ ጥሩነህን በር አንኳኳች። ጋሽ ጥሩነህ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አገር ቤት ሳሉ ሃያ ሁለት ዓመት የሴራሚክ ፋብሪካ ውስጥ እቶን ሲጠብቁ ኖረው፣ ኦክላንድ ከመጡ ደግሞ በየሸክላ ሠሪው ስቱዲዮ እየዞሩ እቶን ይጠግናሉ። አሮጌ ቫን አላቸው፤ ጡረታ የሚባል ነገር ሲነሳባቸው ይቆጣሉ።

ነገሩን ከሥር መሠረቱ አስረዳቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ስድስት መቶ መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«ስክሪኑ ነዋ ጋሼ።»

«ስክሪኑ የት ነው ያለው?»

«ከእቶኑ ውጭ፣ ከበሩ በላይ።»

«አየሽ! ውጭ የቆመ ሰው ስለ ውስጥ ምን ያውቃል? እሳት ውስጥ የሆነውን ለማወቅ እሳት ውስጥ ገብቶ የወጣውን ጠይቂ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»

«አለቃዬን ሳልጠይቅ…»

«ጠይቂዋ! ማን አትጠይቂ አለሽ?»

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቫናቸውን መጋዘኑ በር ላይ አቆሙ። ግሌን የደኅንነት መነጽር ሰጣቸው፤ በራሳቸው መነጽር ላይ ደረቡት። ከኪሳቸው የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ፣ ሹል ሹል የሸክላ ሾጣጣዎች ነበሩ።

«ኮን ይባላሉ» አሏት። «እያንዳንዷ የምታውቀው አንድ ሙቀት ብቻ ነው። ሙቀቷ እስኪመጣ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ሲደርስ ትጎነበሳለች። ይቺ አምስት መቶ ዘጠና ላይ። ይቺ ስድስት መቶ እንዳለፈ። ይቺ ስድስት መቶ ሠላሳ፤ ይቺ ደግሞ ስድስት መቶ ሰማንያ ግድም። አይዋሹም፤ ለመዋሸት አእምሮ ያስፈልጋል።»

አራት አራት አድርገው በሦስት ቦታ ተከሉ፤ በሩ ሥር፣ መሐል ላይ፣ ከኋላ። ፅጌረዳ እቶኑን ስድስት መቶ ላይ ሞላችው። ከዚያ መጠበቅ ነው። እቶን እንደ ድስት ክዳኑ እየተከፈተ አይታይም፤ መሞቅም መብረድም ሰዓት ይፈልጋል። ግሌን ወዲያ ወዲህ ይንቆራጠጣል፤ ጋሽ ጥሩነህ ወንበር ስበው በፅጌረዳ አስተርጓሚነት ስለ አንዲት ደንበኛቸው ያወሩለታል፤ ሴትዮዋ የሠራችውን የሸክላ ድመት ሁሉ ጅራቱን እሳት ይቆርጥባታል። ሁለተኛው ድመት ላይ ሲደርሱ ግሌን መንቆራጠጡን ትቶ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ በሩ ተከፈተ።

በሩ ሥር ካሉት አራቱ የመጀመሪያዋ ብቻ አንገቷን ቀለስ አድርጋለች። መሐል ላይ ሁለቱ ወድቀዋል። ከኋላ ሦስቱ ለጥ ብለው ተኝተዋል፤ አራተኛዋም ወገቧን አጥፋለች።

«የበሮቹ ገና ሰላምታ እየሰጡ ነው» አሉ ጋሽ ጥሩነህ፣ «የኋላዎቹ ግን ስግደት ላይ ናቸው።»

ባትሪ አብርተው ጭንቅላታቸውን ወደ ውስጥ ከተቱ። ብዙም አልቆዩ። ሙቀቱን ለክቶ ለስክሪኑ የሚነግረው ዘንግ ከኋላው ግድግዳ አንድ ስንዝር ወጣ ማለት ነበረበት፤ ማጥበቂያ ብሎኑ ላልቶ ወደ ግድግዳው ተንሸራቷል። ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። በሩ ላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ማሸጊያም አርጅቶ አፈትልኳል።

«ይሄ ምስኪን ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ ስለ ክፍሉ ይመሰክራል» አሉ። «እሱን በርዶታል፤ ስለዚህ ጨምሩ ጨምሩ ይላል። እቶኑም ይታዘዛል። ከኋላ ይነድዳል፣ በበሩ ደግሞ ሙቀቱ ይወጣል። አንድ ሳጥን ውስጥ ሦስት አገር አለሽ።»

ግሌን ሲተረጎምለት እስከ ጆሮው ፈገግ አለ። ችግሩ ተገኘ፣ ይጠገናል፤ ለእሱ የታየው ይህ ነበር። ፅጌረዳን ግን ደስታዋ ወዲያው ለቀቃት። ቁጥር አሥራ ሰባት ትዝ አለቻት። ያን ቀን ስኒው አንድ ብቻ ስለነበር በረጅሙ መቆንጠጫ ገፍታ ገፍታ ነው ከኋላ ጥግ ያስቀመጠችው፤ ስትለካም እንደ ሰባተኛው ስኒ ጠንካራ ነበረች። እንግዲያው ያቺ የተወደደች ናሙና ስድስት መቶን አታውቀውም። የበሰለችው ስድስት መቶ ሰማንያ ላይ ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን ስድስት መቶ ይላል፤ የጻፈችው እሷ ናት፤ ሪፖርቱ ደግሞ ከተላከ ሁለት ወሩ።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሐሙስ ስኒውን እዚያው ጥግ ማስቀመጥ፣ ዘንጉንም ከዴሞው በኋላ ማስተካከል። ዱቄቱ ይሠራል፣ ማንም አያውቅም። ነገር ግን ከተማዋ እሺ ካለች ዱቄቱን በብዛት የሚያበስለው ፍሪሞንት ያለ ፋብሪካ ነው፤ ያ ፋብሪካ ሪፖርቱን አንብቦ፣ በደኅና እቶን፣ በእውነተኛ ስድስት መቶ ዲግሪ ነው የሚያበስለው። ጥሬ ዱቄት ይወጣል። ማግኔት የማይጠራው ዱቄት፣ እርሳሱን እንደታቀፈ በቧንቧው ውስጥ ሄዶ የሰው ብርጭቆ ውስጥ ይገባል።

«ግሌን» አለች። «ሪፖርቱ ስሕተት ነው።»

ነገረችው። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከጆሮው ወረደ።

«ሪፖርቱ እኮ ተልኳል፣ ሮዝ።»

«አውቃለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስክሪኑን አምኜ ነው፤ አለመፈተሼ ግን የኔ ጥፋት ነው። ዛሬ ንገራቸው። ካልፈለግክ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ጋሽ ጥሩነህ እንግሊዝኛው በደንብ ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ኮኖቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው እየመለሱ ቀና ብለው አላዩም።

ግሌን ረጅም ተነፈሰና ስልኩን አነሳ። የውሃ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ማሪሴላ የምትባል የቀድሞ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ስፒከር ላይ አደረጋት። ፅጌረዳ ራሷ አስረዳቻት፤ ስለ ዘንጉም፣ ስለ በሩም፣ ስለ ስድስት መቶ ሰማንያውም።

«ሐሙስ እመጣለሁ» አለች ማሪሴላ በመጨረሻ። «ግን ውሃውን ከራሴ ጓዳ ይዤ ነው የምመጣው። ስምንት ስኒ ታበስላላችሁ፤ የትኛው ስኒ እንደሚሞከር የምመርጠው እኔ ነኝ።»

ማክሰኞ ጋሽ ጥሩነህ ዘንጉን ወደ ቦታው ሳቡ፣ ብሎኑን አጠበቁ፣ የበሩን ማሸጊያ ቀየሩ። ኮኖቹ እንደገና ገቡ፤ በዚህኛው ዙር ከበር እስከ ጥግ አንድ ዓይነት ተጎነበሱ። ረቡዕ ስምንቱ ስኒዎች በስድስት መቶ ሰማንያ በሰሉ። ሐሙስ በማለዳ ከየስኒው ጥቂት ጥቂት ተወስዶ ሳን ሆዜ ደረሰ። ሂክማ ቁጥሩን በኢሜይል አልላከችም። የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ ራሷ ኦክላንድ ድረስ ይዛው መጣች፤ ወረቀቱን እያውለበለበች ነው የገባችው።

«ስምንቱም እህትማማች ናቸው! ጠብ ያላቸውም አይመስሉም።»

ማሪሴላ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጣች፤ ባለ ክዳን ትልቅ ጠርሙስ እንደ ሕፃን አቅፋ። ስኒዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው። ጥግ ያሉትን አለፈቻቸው። በሩ ሥር፣ በግራ በኩል ያለውን ጠቆመች።

«ያቺኛዋን።»

ፅጌረዳ ማሪሴላ ከመረጠችው ስኒ ዱቄት መዝና በመስታወት ዕቃ የተቀዳው ውሃ ውስጥ በተነችው። ውሃው ወዲያው እንደ ክረምት ወንዝ ደፈረሰ። ሩብ ሰዓት አማሰሉት። ከዚያ ዕቃውን ወፍራሙ ማግኔት ላይ አስቀመጠችው።

ምንም አልሆነም።

ግሌን ጉሮሮውን ጠረገ። ሂክማ የፅጌረዳን ክንድ ያዘች። ከዚያ ከላይ በኩል፣ የጣት ጥፍር በሚያህል ውፍረት፣ ውሃው ጠራ። ጥራቱ ቁልቁል ወረደ፤ ጋቢ እንደሚገፈፍ ድፍርሱ ወደ ታች ተገፈፈ፣ ተሰበሰበ፣ ማግኔቱ ያለበት ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከዕቃው በስተጀርባ ያለው የግሌን ክራቫት ነጠብጣቡ ሳይቀር ይቆጠር ነበር።

«አሁን ልትጠጪው ትችያለሽ» አለ ግሌን በደስታ ራሱን ስቶ።

«እብድ ነህ?» አለች ማሪሴላ። «ጠርቷል ማለት ጸድቷል ማለት አይደለም። እኔ ወደማምነው ላቦራቶሪ እወስደዋለሁ። እርሳሱ መውጣቱን ሲነግሩኝ እናወራለን።» ወደ ፅጌረዳ ዞረች። «ሰኞ ዕለት ባትደውሉልኝ ኖሮ ግን ይህንንም አላምነውም ነበር።» የጠራውን ውሃ በጠርሙሷ አስቀድታ እንደገና አቅፋው ወጣች።

የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ፅጌረዳ ከሥራ ስትመለስ ባርት ውስጥ ቆማ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ማሪሴላ ናት። ባቡሩ እያፏጨ ነበር፤ «…እርሳስ…» የምትለዋን ብቻ ሰማችና ቀሪው በጩኸቱ ተዋጠ። «ሄሎ? ሄሎ? ምን ሆነ እርሳሱ?» ብትል መልስ የለም። አጠገቧ የቆመ ብስክሌት የያዘ ሰው እንኳን ተጨነቀላት። በሩ ፍሩትቬል ጣቢያ ላይ ሲከፈት የሷ ጣቢያ ባይሆንም ዘልላ ወረደች።

«አሁን ይሰማሻል?» አለች ማሪሴላ። «እርሳሱ የለም እያልኩሽ ነው። መሣሪያቸው ሊያገኘው ከሚችለው በታች ነው። በአንዱ ሰፈራችን ውሃ ላይ ስድስት ወር እንሞክረዋለን። ፍሪሞንት ለሚያበስሉት ሰዎች መመሪያውን የምትጽፊው ግን አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አልፈልግም።»

ፅጌረዳ አመሰገነቻት፤ ምን ብላ እንዳመሰገነቻት አታስታውስም። መድረኩ ላይ አግዳሚ ወንበር አገኘችና ቁጭ ብላ ሂክማ ጋ ደወለች።

«ሂክማዬ! ወጥቷል! እርሳሱ ወጥቷል!»

«አልሃምዱሊላህ!» ብላ ሂክማ ጮኸች፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቆይ፣ የት ነሽ? ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?»

«ፍሩትቬል። ስልኩን ለመስማት ብዬ ያለ ጣቢያዬ ወረድኩ።»

«የሚቀጥለው ባቡር መቼ ነው?»

ፅጌረዳ ሰሌዳውን ቀና ብላ አየችው። «አሥራ ስምንት ደቂቃ።»

«በቂ ነው» አለች ሂክማ። «ማፍጠሪያ እስኪደርስ የምሠራው የለኝም፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ሴትዮዋ ያለችውን አንድ ቃል ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»